ቀጥታው በረራ

ጥቅምት 4 ቀን
ከታናሽ ወንድም ለታላቅ እህት

ለእትዬ፣

ይህ ደብዳቤ በሰላም ቁጭ ባልሽበት፣ እግርሽም በሞቀበት ያግኝሽ። እኔም ባለቤቴም ደህና ነን፤ ከብርዱና ከናፍቆትሽ በቀር የምንከሰው የለንም።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለወሬ ሳይሆን ለምሥራች ነው። ያቺ ትንሿ አውሮፕላን ልትመለስ ነው። ከእናንተ መንደር ተነስታ ተራራውን ተሻግራ በቀጥታ እኛ ዘንድ ታርፍ የነበረችው፣ “አያዋጣም” ብለው ያስቀሯት። በዚህ በበረዶው ወራት ለሙከራ በየሳምንቱ ማክሰኞ ትበራለች ተብሏል። ማስታወቂያውን መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ሲለጥፉት ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አለቃዬ አይቶኝ፣ “ምነው፣ አበል ጨመሩልህ እንዴ?” አለኝ። “እህት ጨመሩልኝ” አልኩት።

እኔና አንቺ ያለንበት እኮ ካርታ ላይ አንድ አውራ ጣት ይሸፍነዋል። አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ ከበረረች አንድ ሰዓት አይሞላም። ግን በመካከላችን ያለው ተራራና የባሕር ሰርጥ መኪና አያሳልፍም። ትንሿ አውሮፕላን ከቀረች ወዲህ አንቺን ለማየት ወደ ደቡብ መውረድ፣ ትልቁ ከተማ ማደር፣ ሌላ አውሮፕላን ይዞ እንደገና ወደ ሰሜን መውጣት ነው፤ ያውም ሰማዩ ከፈቀደ። ባለቤትሽ ያረፈ ጊዜ በዚያ መንገድ መጥቼ የደረስኩት አፈር ከለበሰ በኋላ ነው።

በበረዶው ወራት ሥራዬን ጥዬ መምጣት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ማኮብኮቢያውን በመኪና የምንጠርገው እኔና አንድ ባልደረባዬ ብቻ ነን፤ አንዳችን ከጎደልን አውሮፕላን ማረፉ ይቀራል። ስለዚህ ዘንድሮ መምጣት የአንቺ ተራ ነው። የልብስ ስፌቱን ለጥቂት ጊዜ ዝጊውና ነይ። ሰው በቀዳዳ ኮት አይሞትም።

ደግሞ፣ እግርሽ አሁንም ያብጣል? ባለፈው ጠይቄሽ ስለ ድመትሽ ጽፈሽ አለፍሽኝ። ድመቷን ሰላም በያት፤ የጠየቅሁሽ ግን ስለ እግርሽ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ፣
አንቺ ዛሬም “ድንቡሼ” የምትይኝ


ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለድንቡሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? “በረዶውን ከመንገድህ ያርቅልህ” ብዬ ልመርቅህ አሰብኩና፣ በረዶ ከጠፋ እንጀራህም አብሮ ይጠፋል ብዬ ተውኩት። ጉልበትህን ብቻ ያጽናልህ።

ደብዳቤህ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ እንደነገረችኝ እሱም ደቡብ ወርዶ፣ እዚያ ከርሞ ነው ወደ እኔ የወጣው። “ምነው፣ ወንድምሽ ያለው ከተራራው ጀርባ አይደለም ወይ?” አለችኝ። “ለአሞራ አዎ” አልኳት።

ሁልጊዜ በስልክ እንገናኝ ማለትህን ተው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ከባዳም አልፎ ጠላት ሆኗል። ባለፈው አንድ ዓሣ አስጋሪ ሱሪ ይዞ መጥቶ ጮኾ ጮኾ ሲያዘኝ፣ “አሳጥሪው” ያለኝ መስሎኝ ቆረጥኩለት። “አስፊው” ነበር ያለኝ። አሁን ሁሉም የሚፈልገውን ጽፎ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዱ የእጅ ጽሑፍ ከጩኸቱም ይብሳል። በስልክ ጽሑፍ እንዳትልክልኝ ደግሞ፣ ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል። በወረቀት ጻፍልኝ። ወረቀት ደግሜ ደጋግሜ ብጠይቀው አይሰለቸኝም።

ስለ አውሮፕላኗ የጻፍከውን አስተማሪዋ፣ ጎረቤቴ፣ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ጽሑፍህ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እውነት መሆኑን ከሌላ ሰው አፍ ልስማ ብዬ ነው። እመጣለሁ። ግን ቶሎ አይሆንም፤ እጄ ላይ ያሉትን ልብሶች ልጨርስ፣ የማሰናዳውም ነገር አለ።

እግሬ ደህና ነው። ድመቷም ደህና ናት።

እህትህ


ኅዳር 20 ቀን

ለእትዬ፣

መምጣትሽን ያጽናው፤ ቃልሽን የሚሰርቅ ነገር አይግጠምሽ።

ባለቤቴ ክፍልሽን አሰናድታልሻለች። ምድጃው ከሚያሞቀው ግድግዳ ጋር አልጋሽን አስጠግታ፣ የብርዱን በር በጨርቅ ደፍና፣ መጋረጃ ራሷ ሰፍታ ሰቀለች። መጋረጃው ከአንድ ወገን ረዝሟል። ስታይው እንዳትስቂባት፤ “ባለሙያ ልትመጣ ነው” እያለች ሦስቴ ነው የፈታችው። እኔ ዝም ብያለሁ። በትዳር ዓመታት የተማርኩት ቢኖር በመጋረጃ ጉዳይ አስተያየት አለመስጠትን ነው።

ስትሳፈሪ በቀኝ በኩል ተቀመጪ። ተራራውን እንዳለፋችሁ ባሕሩን፣ ከዚያ የእኛን ቀይ ጣሪያዎች ታያለሽ። ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ብጫ መኪና ከቆመ፣ እኔ ነኝ።

ስንት ቀን ትቆያለሽ? ባለቤቴ አንድ ወር ትላለች። እኔ በረዶው እስኪሟሟ ነው የምለው። ቁርጡን ጻፊልን።

እግርሽ ደህና ነው ማለትሽን አንብቤያለሁ። ከድመቷ ጋር በአንድ መስመር ስላኖርሽው አላመንኩም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 5 ቀን

ድንቡሼ፣

ትኬቴን አስቆርጫለሁ፤ ማክሰኞ ታኅሣሥ 15 ነው። ይህ ደብዳቤ ከእኔ በፊት ካልደረሰ አልፈርድበትም፤ እሱ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ እኔ በቀጥታ።

ስንት ቀን ትቆያለሽ አልከኝ። እንግዳ ሳይገባ መውጫውን አይጠየቅም። እናታችን ብትሰማህ ጆሮህን ትይዝህ ነበር።

አንድ ሻንጣ ብቻ ነው የምይዘው። ድመቷን አስተማሪዋ ወስዳልኛለች። ባለቤትህን “መጋረጃውን እንዳትነኪው” በልልኝ፤ አንድ ወገኑን እኔው መጥቼ አስተካክለዋለሁ። እሷ ወንበር ትይዝልኛለች፣ አንተ ከቤት ትወጣለህ።

ሰሞኑን ደስታ ደስታ ይለኛል። በዚህ ዕድሜ ነውር ነው መሰለኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 16 ቀን

እትዬ፣

በሰላም ወደ ቤትሽ መመለስሽን የሬዲዮ ሠራተኛዋ አጣርታ ነገረችኝ፤ አለበለዚያማ ይህንን መጻፍ አልችልም ነበር።

ትናንት ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ማኮብኮቢያውን ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት፤ ባልደረባዬ፣ “ንግሥት ናት እንዴ የምትመጣው?” እያለ አሾፈብኝ። ባለቤቴ ከምድጃው ላይ ሾርባ ጥዳ፣ ጎረቤቷን “ጠብቂልኝ” ብላ፣ አዲሱን ሻርፗን አድርጋ መጣች። ተነስታችኋል የሚል መልእክት ደረሰን። እስከዚያ ድረስ ሁሉ ነገር የእኛ ነበር።

ከዚያ ጉሙ ከባሕሩ ተነሳ። እንዲህ ያለ ጉም ከዚህ በፊትም አይቻለሁ፤ እግር አውጥቶ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የነዳጁን ታንከር ዋጠው። ቀጥሎ የነፋስ ማሳያውን ከረጢት። ቀጥሎ የማኮብኮቢያውን መብራቶች ከባሕሩ ወገን ጀምሮ ተራ በተራ። ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ሮጥኩ።

“የት ደረሱ?” አልኳት።

“እላያችን ላይ ናቸው” አለችኝ።

ወጥቼ ቀና አልኩ። ነጭ ብቻ ነው። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ ዞረ፣ ወደ ባሕሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዞረ። እህቴ እዚያ ድምፅ ውስጥ አለች። ምን አደረግሁ መሰለሽ? መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ያላትን መብራት ሁሉ አብርቼ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆምኩ። አለቃዬ በሬዲዮ፣ “አያዩህም፣ አይረዳም፣ ውጣ” አለኝ። እንደማይረዳ አላጣሁትም። ሥራዬ በረዶ መጥረግ ነው፤ ጉም በምን ይጠረጋል?

ሠራተኛዋ ከክፍሏ ወጥታ፣ “ነዳጃቸው ለመመለሻ ብቻ ነው የቀረው። ሊመለሱ ነው” አለችኝ።

“ለእህቴ ንገሩልኝ በያቸው።”

“ምን ብለው?”

ምን ይበሉሽ? “ወንድሟ ከታች ቆሟል በያቸው” አልኳት።

ድምፁ ወደ ተራራው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ባለቤቴ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል፤ እህት አለኝ በሰማይ ያለ ሰው ግን ከእኔ በፊት አልነበረም።

ለሚመጣው ማክሰኞ ቦታ አስይዢ። እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

አይዞህ። እንደ ሕፃን ልጅ “እለምንሻለሁ” ብለህ መጻፍህ አንጀቴን በላው። እኔ ደህና ነኝ። ያየሁትን ልንገርህና ትንሽ ይቅለልህ።

እንዳልከኝ በቀኝ በኩል ተቀመጥኩ። ተራራው ጫፍ ጫፉ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የተባዘተ ጥጥ ነው፣ በላዩ ላይ ፀሐይ። እኔ ማረፊያችን እሱ መስሎኝ ነበር። ስንዞር ሰዎቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ አየሁ፤ ምን እንደሚሉ አልሰማም። የአብራሪው ረዳት ከፊት ተነስቶ መጥቶ በአፉ ነገረኝ። ጆሮዬን አሳየሁት። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጻፈና ሰጠኝ፦ “ወንድምዎ ከታች ቆሟል። ማረፍ አልቻልንም።”

ከታች ቆሟል የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ወደ ጥጡ እጄን አወዛወዝኩልህ። አጠገቤ የተቀመጠው ዓሣ ነጋዴ ሰላም የምለው ሰው ቢፈልግ አጣና ትክ ብሎ አየኝ። ያስብ።

በአካል የምነግርህ ነገር ነበረኝ። ወረቀት ላይ አይሆንም፤ ለጊዜው ሆድ ይፍጀው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። በጭነት የሚላክ ከሆነ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጥቂት መርፌና ክር፣ አንድ መቀስም ላክልኝ። ትንሽ ድስትም ብትገኝ። እዚህ የሚሸጡት አይረቡም።

እህትህ


ጥር 18 ቀን

እትዬ፣

ጤናሽን ያስቀድምልኝ። ያዘዝሽውን ሁሉ በካርቶን አሽጌ ልኬልሻለሁ። ባለቤቴ፣ “ልብስ ሰፊ መርፌ ስትለምን ደግሞ ምን ቀረ?” ብላ ስትስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለሾርባ ሻጭ ጨው እንደመላክ ነው። ድስቷ ግን ጥሩ ድስት ናት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቂዋለሽ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ነፋስ፣ በሚቀጥለው ደግሞ የአውሮፕላኗ ሞተር። ከዚያ አንድ ጠዋት ሥራ ስገባ አለቃዬ ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ እየላጠ ሳለ ደረስኩ። “ሙከራው አብቅቷል። ሰው አልተሳፈረባትም ይላሉ” አለኝ። “ሳታርፍ ማን ይሳፈርባት?” አልኩት። እሱ ምን ያድርግ፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ለአየር መንገዱ ቢሮ ጻፍኩ። አንዲት ልጅ በጣም በትሕትና መለሰችልኝ። ወደ እህቴ ለመሄድ በደቡብ በኩል ጥሩ አገልግሎት እንዳላቸው፣ ስለ ፍላጎቴም እንደሚያመሰግኑ ነው የምትለው። ማንን ልቆጣ? ጉሙን? ልጅቷን? ሰው የሚቆጣውን ሲያጣ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ይነዘንዛል። እኔም እንደዚያ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ክፍልሽ እንዳለ ነው። ባለቤቴ በየጊዜው ገብታ አቧራውን ታራግፋለች፣ ትወጣለች።

ያቺ በአካል የምትነግሪኝ ነገር ምንድን ናት? እባክሽ ጻፊልኝ። ሆድሽ ሲፈጃት የእኔንም እየፈጀች ነው።

ወንድምሽ


የካቲት 6 ቀን

ወንድሜ፣

ይህንን የምትጽፍልህ አስተማሪዋ ናት፤ እኔ እያልኩ። እጄ በብርድ ተኮማትሮ መርፌ አልይዝ ብሎ ነው፣ ሌላ እንዳታስብ። ብርድ ልብሱ ደረሰ። እንዴት ያለ ነው! ስገባበት በግ የሆንኩ ይመስለኛል።

ነገሯ ትቆይ። በረዶው ሲሟሟና የአንተ ሥራ ሲቀል በደቡቡ መንገድ ና፤ ያኔ እናወራለን። የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ድስቷን በየቀኑ እጠቀምባታለሁ።

እህትህ


የካቲት 21 ቀን
ከትልቁ ከተማ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው

እትዬ፣

ይህንን የምጽፍልሽ መንገደኞች ማረፊያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ወደ አንቺ እየመጣሁ ነው።

የጤና ጣቢያችሁ ነርስ ደወለችልኝ። “እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነበር፤ ግን መሐላዬን አፈረስኩት። ልባቸው ደክሟል፣ ከአልጋ አይነሱም። መምጣት ከቻሉ ይምጡ” አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ አለቃዬ ፊት ቆምኩ። ቃል ከአፌ ሳይወጣ፣ “ሂድ፣ ሂድ” አለኝ። ባልደረባዬ ብቻውን እየጠረገ ነው።

ደቡብ በቀላሉ ወረድኩ። ወደ እናንተ የሚወጣው አውሮፕላን ግን ትናንት ተሰረዘ፣ ዛሬም ተሰረዘ፤ የእናንተ ሰማይ ተዘግቷል ይላሉ። እዚህ ፀሐይ ነው። ሰው ሁሉ ኮቱን አውልቆ ይሄዳል፤ እኔ ከነቦቲ ጫማዬ ተቀምጬ ሰሌዳው ላይ የመንደራችሁን ስም አያለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰዎች በአየር ምክንያት ሲቀሩ፣ “ታገሱ፣ ምን ይደረጋል” እላቸው ነበር። ለካስ ቃሉ ለሰሚው እንዲህ ይመራል።

ነገ ጠዋት ይከፈታል ብለዋል። ጠብቂኝ። መልስም አልጠይቅሽም፣ ብቻ ጠብቂኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 26 ቀን
ከቤትሽ

እትዬ፣

ሰማዩ ስለተዘጋ ይህንን ነርሷ በጤና ጣቢያው ፋክስ ወደ ሆስፒታሉ ትልክልኛለች። ነርሷ በስልክ ጠይቃ፣ ነቅተሻል፣ ትበያለሽ፣ ታነቢያለሽም ብላኛለች። ተመስገን።

እኔ ሰማዩ እንደተከፈተ በጠዋቱ አውሮፕላን ወደ ሰሜን ወጣሁ። የሕሙማን አውሮፕላን ደግሞ ያው ሰማይ ሲከፈትለት መጥቶ አንቺን ይዞ ወደ ደቡብ ወርዷል። እኔ ከተነሳሁበት ማረፊያ ነው ያረፍሽው። የሆነ ቦታ ላይ፣ ደመና ውስጥ፣ ተላልፈናል። አስተማሪዋ ማረፊያው በር ላይ ቆማ ስታየኝ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳትናገር ገባኝ።

የወጣሁበት አውሮፕላን ወዲያው ተመልሷል። ቦታ አልነበረውም። ከዚያ ማዕበሉ መጥቶ ሁሉን ነገር ዘጋው። እኔም ቤትሽ ተቀምጫለሁ።

እትዬ፣ ቤትሽ ባዶ ነው።

መጀመሪያ አስተማሪዋ ተሳስታ የሌላ ሰው በር የከፈተችልኝ መስሎኝ ነበር። የልብስ ስፌት ማሽንሽ የቆመበት ወለል ላይ የእግሮቹ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። አልጋው የለም። ቁም ሳጥኑ የለም። መሬት ላይ አንድ ፍራሽ፣ በላዩ ላይ እኔ የላክሁት ብርድ ልብስ፣ ምድጃው ላይ የላክሁት ድስት፣ አንድ ወንበር። ወንበሩን ሳነሳው ከሥሩ የትምህርት ቤቱ ማህተም አለበት።

“ሌባ ገብቶ ነው?” አልኳት።

“አይደለም” አለች። ቁጭ አለች፣ ተነሳች። “ያን ጊዜ፣ በታኅሣሥ፣ ልትመለስ አልነበረም እኮ የሄደችው። ማሽኑን ስፌት ላስተማረቻት ልጅ ሰጠች። አልጋውን አዲስ ለተጋቡት። ቤቱንም ለአከራይዋ አስረክባ ነበር። ማሪያም ትስማኝ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ ስትሳፈር መንደሩ ሁሉ አልቅሶ ነው የሸኛት። ከሰዓት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ወረደች፤ አከራይዋም ቁልፉን መለሰላት።”

“ዕቃዋን አልመለሱላትም?”

“እየተሸከሙ መጡ እንጂ! ‘የሰጡትን አይቀበሉም’ ብላ መለሰቻቸው። ወንበሩን እንኳ በግድ ነው ያስቀመጥኩላት። ‘ለወንድሜ የነገረ ወዮለት፣ ጉሙን በራሱ ላይ ያደርገዋል’ ብላ ሁላችንንም አስፈራራችን።”

መርፌ ላክልኝ ስትይ ሳቅሁብሽ።

ፍራሽሽ ላይ እተኛለሁ። ቀን ቀን የምሠራውን ሳጣ ከበርሽ እስከ መንገዱ ያለውን በረዶ በአካፋ እጠርጋለሁ። የሚወጣበትም የሚገባበትም የለም። ከትልቁ ከተማ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ፣ እኔው በመጣሁበት አውሮፕላን ተጭኖ ኖሮ፣ ትናንት ቤትሽ ደረሰ፤ እኔው ፈርሜ ተቀበልኩት። “ጠብቂኝ” ይላል።

ወንድምሽ


መጋቢት 5 ቀን
ከሆስፒታል

ድንቡሼ፣

አይተኸዋል እንግዲህ። አስተማሪዋን አትቆጣት። እኔም አልቆጣትም፤ ምላስ ያለው ሰው እስከዚህ መቻሉም ብዙ ነው።

ነገሯ ይህች ነበረች። በመስከረም ነርሷ ልብሽ ደክሟል አለችኝ። እኔም፣ እንግዲያው እግሬ ሳይከዳኝ ወንድሜ ጋ ልግባ አልኩ። ልጠይቅህ ሳይሆን ልኖር ነበር የመጣሁት። ቀድሜ ያልጻፍኩልህ ፊትህን እያየሁ ልነግርህ ስለፈለግሁ ነው። ጆሮዬ ከሄደ ወዲህ የሰው ደስታ የሚሰማኝ በፊቱ ነው።

ስመለስ ብነግርህስ ምን ታደርግ ነበር? ተራራውን አትጠርገው። በየማክሰኞው ከዚያ መኪና ጋር ጉም ውስጥ ስትቆም ይታየኝ ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ። ባዶ ቤት እኮ ቶሎ ይሞቃል።

አሁን ደግሞ የዚህ ቤት ሐኪም፣ ልጅ እግር ነው፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጻፈልኝ፦ “በትናንሽ አውሮፕላን መሄድ ከእንግዲህ ለልብዎ አይሆንም። ወደ ሰሜን አንመልስዎትም።” ወደ አንተም ወደ ቤቴም የሚሄድ ትልቅ አውሮፕላን እንደሌለ ነገርኩት። ያውቃል። አንገቱን ደፋ። እዚሁ ከተማ የአረጋውያን ቤት ፈልገውልኛል፤ ንጹሕ ነው፣ መስኮት አለው ብለዋል።

ወንድሜ፣ አውራ ጣት የሚሸፍነን ጊዜ አልፏል። አትዘን ብል አትሰማኝም። ቢያንስ በረዶ መጥረጉን ተው፣ ወገብህን ትጎዳለህ።

እህትህ


መጋቢት 11 ቀን

እትዬ፣

ሰማዩ ነገ ይከፈታል አሉን፤ የነርሷ ፋክስ ተበላሽቷልና ይህንን ከእኔው ጋር በሚሄደው ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ማን እንደሚቀድም እንጃ። ባልደረባዬ ብቻውን ሲጠርግ ታሞ ወድቋል። ማረፊያችን ተዘግቶ፣ አንዲት ወላድ ማውጣት አቅቷቸው ሲጨነቁ ውለዋል። አለቃዬ “ና” አላለኝም፤ የሆነውን ብቻ ነገረኝ። ስለዚህ አንቺ ጋ ልቆይ አልችልም። ትልቁ ከተማ ላይ ከአንዱ አውሮፕላን ወርጄ ሌላው እስኪነሳ ትንሽ ሰዓት አለኝ። በታክሲ እመጣለሁ። ያቺን ሰዓት ጉም እንዳይነካት ጸልዪ።

ወንድምሽ


መጋቢት 14 ቀን

ለወንድሜ፣

በሰላም መግባትህን ባለቤትህ አስነግራልኛለች። ደስ ብሎኛል። ደብዳቤህም ደረሰ፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ማለት ነው። መምጣትህን አላውቅም ነበርና በሩ ላይ ሳይህ ሕልም መስሎኝ ስምህንም አልጠራሁም።

የጽዳት ሠራተኛዋ ስለ ቦቲ ጫማህ ዛሬም ታማሃለች። ወለሉን ሁሉ ጭቃ አድርገኸው ነበር። ቀኝ ጆሮዬ ላይ ተደፍተህ ስትጮህ ደግሞ እኔ ሳልሰማህ ክፍሉ ሁሉ ሰማህ፤ “ምሳ በልተሻል ወይ?” ስትለኝ ከወዲያኛው አልጋ ያለችው ሴትዮ “በልታለች!” ብላ መለሰችልህ። እሷ እስካሁን ትስቃለች።

ከዚያ ወንበሩን ስበህ እጄን ይዘህ ተቀመጥክ። ብዙ የምትለው እንዳለህ ገብቶኛል፤ ከኪስህ ወረቀት አውጥተህ፣ እስኪብርቶ አውጥተህ ጉልበትህ ላይ አደረግኸው። እኔም ልጠይቅህ ያሰብኩትን በልቤ ስደረድር ነበር። የእናታችንን መቃብር በረዶው እንዴት አድርጎታል፣ ባለቤትህ መጋረጃውን ፈታችው ወይ፣ አንተስ ማታ ማታ ወገብህ እንዴት ነው።

ቀና ስል እንቅልፍ ወስዶሃል።

ስንት ቀን ሳትተኛ እንደከረምክ ፊትህ ይናገር ነበር። አፍህ ትንሽ ተከፍቶ፣ ራስህ ወደ አልጋዬ አዘንብሎ፤ በሕፃንነትህ እንዲሁ ነበርክ፣ እየበላህ ትተኛለህ። ልቀሰቅስህ እጄን አነሳሁ። ሰዓቱን አየሁ። ሰዓቱ እየሄደ ነበር። ቀስቅሼህ የምታወራኝን ባልሰማህስ? ተውኩህ። ትራሴን ከጀርባዬ መዝዤ ከጉንጭህ ሥር አደረግሁልህ። አንተን ማየት ደግሞ ጆሮ አይፈልግም።

አውሮፕላንህ ሊያመልጥህ ሲል ነው የነቀነቅሁህ። ደንግጠህ ተነሳህ። “ለምን አልቀሰቀስሽኝም?” ስትል ከንፈርህን አነበብኩት። በር ላይ ቆመህ ዓይንህን ስትጠርግ አዘንኩ፤ ሰዓታችንን የበላሁብህ መስሎህ ይሆናል። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ውስጥ ስንት ዓመት አየሁህ።

ከሄድክ በኋላ የምታስታምመኝ ልጅ ትራሱን ልታስተካክል መጣች። አዲስ ናት፣ ከዚሁ ከደቡብ። ፊት ለፊቴ ሆና ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ከንፈሯን አነበዋለሁ።

“ማን ናቸው?” አለችኝ።

“ወንድሜ ነው።”

“የት ነው የሚኖሩት?”

“ሰሜን ነው። ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያለው መንደር።”

“ውይ፣ ቅርብ ለቅርብ ናችሁ!” አለች፤ ፊቷ በራ። “እንግዲያው ቶሎ ቶሎ ይመጡልዎታላ።”

“አዎ” አልኳት።

እህትህ